ባሮ ሲሸሽ የሚዘራ ማሳ

ባሮ በክረምት የኢሉባቦርንና የወለጋን ደጋ ውሃ ጠራርጎ ጋምቤላ ሜዳ ላይ ሲደርስ ከአልጋው ይወጣል። ሣሩን፣ መንገዱን፣ የወንዙን ዳርቻ ሁሉ ሸፍኖ ሜዳው ላይ ይተኛል። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲጠባ ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ከኋላውም ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እግር የሚይዝ ደለል ይተዋል። የአኝዋክ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ይህን ጊዜ ነው። ሹል እንጨት ይዞ ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳል። እርጥቡን አፈር ወጋ ያደርግና ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ በቆሎ ጥሎ በእግሩ ጫፍ ይደፍነዋል። ውሃው አንድ እርምጃ ሲሸሽ ዘሩም አንድ እርምጃ ይከተለዋል። ሰማዩ ከዚያ በኋላ ባይዘንብም ግድ የለም፤ ደለሉ የያዘው እርጥበት በቆሎውን እስከ እሸት ያደርሰዋል።

በሬና ማረሻ በዚህ ማሳ ላይ የሉም። በቆላው ጫካና በወንዙ ዳር የሚርመሰመሰው ቆላ ዝንብ የገንዲን በሽታ ስለሚያስተላልፍ ከብት እዚህ እንደ ደጋው አይረባም። ስለዚህ እርሻው በእጅ ነው፤ ማዳበሪያውን የሚያመጣው ወንዙ ነው። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጅካዎና ወደ አኮቦ ሲዘለቅ ግን ዛፉ ይሳሳል፣ ሜዳው ይሰፋል፣ ኑሮውም ይለወጣል። በዚያ ኑዌሮች ከብታቸውን በበጋ ወደ ወንዝ፣ በክረምት ወደ ከፍታ እየነዱ በወተትና በማሽላ ይኖራሉ። በምሥራቅ፣ በጎደሬና በመንገሺ ደን ውስጥ ደግሞ መዠንግሮች ከዛፍ ጫፍ ቀፎ ይሰቅላሉ፤ ጫካውን በጥቂቱ መንጥረው ይዘሩና መሬቱ ሲደክም አሳርፈውት ሌላ ቦታ ይሄዳሉ።

መንግሥት ወደዚህ አገር ሲመጣ ያገኘው እንግዲህ ሦስት ዓይነት የአኗኗር ጥበብ ነው። ታሪኩ፣ ያንን ጥበብ ለማየት ስንት ዓመት እንደፈጀበት የሚያሳይ ነው።

ግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ስምምነት ፈረሙ። ከአንቀጾቹ አንዱ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀደ። ጋምቤላ በዚህ መንገድ ወደብ ሆነች። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት ጀልባዎች ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ጭነው ይመጡ ነበር፤ ሲመለሱ የጎሬንና የወለጋን ቡና ይዘው ይሄዳሉ። ውሃው ሲጎድል ንግዱም ይተኛል። መንግሥት በከተማዋ የመጀመሪያውን ቢሮ የከፈተው ለጉምሩክ ነበር፤ ሚዛኑ ላይ የሚወጣውም የደጋው ቡና እንጂ የባሮ ዳር በቆሎ አልነበረም።

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ አንዱ መሥሪያ ቤት የእርሻ ሆነ፤ ካንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹም ኃላፊነቱን ተረከቡ። የዛሬው ግብርና ሚኒስቴር የዘር ሐረጉን የሚቆጥረው ከዚያ ነው። አገሪቱ ያኔ ከ«ክፉ ቀን» ገና ማገገሟ ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የገባው የከብት ወረርሽኝ፣ ሕዝቡ «ደስታ» የሚለው በሽታ፣ የእርሻ በሬዎችን ጨርሶ አገሩን በረሃብ መትቶታል። ስለዚህ ከብትና እህል የመንግሥት ጉዳይ መሆን እንዳለባቸው የተማረ መንግሥት ነበር። ትምህርቱ ግን እስከ ባሮ ለመውረድ ብዙ አሥርት ዓመታት ወሰደበት።

ጣሊያን መጥቶ ሄደ፤ መጋቢት 1933 ዓ.ም. ጋምቤላን ከጣሊያን እጅ ያስለቀቁት ከቤልጂየም ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ነበሩ። ሱዳን ነጻ በወጣች በዓመቱ፣ ጥቅምት 1949 ዓ.ም.፣ የንግድ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የጀልባው ንግድ እየቀዘቀዘ ሄደ። ወደብ የነበረች ከተማ ከኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዳር የምትገኝ፣ መንገድ የማያገኛት ሩቅ ቆላ ሆነች።

በዚያው ዘመን የእርሻ ትምህርትና ምርምር በሌላው አገር ሥር እየሰደደ ነበር። የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የዓለማያ ኮሌጅ ባለሙያ ማፍራት ጀመረ፤ በ1958 ዓ.ም. የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ገበሬውን በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ ለመድረስ የወጣው ዝቅተኛ ፓኬጅ የተባለው ፕሮግራምም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተጀመረ። ያ ፕሮግራም ግን የሚሄደው አውራ ጎዳናን ተከትሎ ነበር። ክረምት ከበጋ መኪና የሚያስገባ መንገድ የሌለው የአኝዋክና የኑዌር መንደር ከአገልግሎቱ ውጭ ሆኖ ቀረ።

የእርሻ ሠራተኛው ሳይደርስ ግን የጋምቤላ ዘር ወጣ።

ይህ ከጋምቤላ የግብርና ታሪክ ውስጥ ብዙ ያልተነገረለት ምዕራፍ ነው። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከየአካባቢው የማሽላ ዘር እየሰበሰቡ ሲፈትሹ አንዱ ከቆላማና ዝናብ አጠር አካባቢዎች ጋር ተስማማ። እ.ኤ.አ. በ1976 «ጋምቤላ 1107» ተብሎ ለገበሬ ተለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አዲስ የቆላ ማሽላ ሲወጣ ከእርሱ ጋር እየተወዳደረ ይመዘን ነበር። ወዲያው ደግሞ ሕንድ፣ ሐይደራባድ አጠገብ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የደረቅ አገር ሰብሎች ምርምር ተቋም ዓይኑን ወደ ባሮ ጣለ። በተቋሙ ይሠሩ የነበሩት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት መላክ ኃይሌ መንገሻና ሕንዳዊው የሥራ ባልደረባቸው ፕራሳዳ ራኦ በጋምቤላ አካባቢ «ዘራ ዘራ» የሚባለውን የማሽላ ወገን ብቻ የሚፈልግ የዘር አሰባሰብ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1981 ሪፖርት አወጡ። ዘራ ዘራ በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ግራና ቀኝ የኖረ ማሽላ ነው። ፍሬው ለምግብ የሚመረጥ በመሆኑ በሕንድም በአሜሪካም ያሉ አዳቃዮች በብዛት ተጠቅመውበታል።

ከዛላው ላይ ትልቁንና ንጹሑን መርጣ፣ ከጭስ በላይ ሰቅላ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ያስቀመጠች የመንደር ሴት ይህን አላወቀችም። በላብራቶሪ የተፈተሸው ግን የእርሷና የእናቶቿ ምርጫ ነበር።

መስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ታወጀ። ለደቡቡ ጭሰኛ ያ ቀን ከባርነት የመውጣት ያህል ነበር። በጋምቤላ ግን መሬቱ ቀድሞም በጎሣና በመንደር እጅ እንጂ በባላባት እጅ አልነበረም። አዋጁ ለባሮ ዳር ገበሬ ያመጣው ለውጥ ሌላ ነው፤ የመሬቱ አድራጊ ፈጣሪ መንግሥት ሆነ። ይህ አንድ ነጥብ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ይወስናል።

መጀመሪያ የመጣው ሰፈራ ነው። የ1977ቱ ድርቅ ወሎንና ትግራይን ሲፈጅ ደርግ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ጋምቤላ ቆላ አወረደ፤ መሬት የጠበባቸው የከምባታና የሀዲያ ገበሬዎችም አብረው መጡ። ደገኛው በሬ ጠምዶ ማረስ የለመደ ነው፤ እዚህ በሬውን ገንዲ፣ ራሱን ወባ ጠበቀው። መንግሥት በትራክተር ጫካ አስመነጠረለት፤ ማሳው በማኅበር ታረሰ፤ ራሽን ተሰፈረ። ብዙዎች በትኩሳት አለቁ። በአካባቢው የነበረው አኝዋክ ደግሞ የሚያድንበት ጫካና የሚያሳርፈው መሬት በአንድ በጋ ሲመነጠር ማየት ነበረበት። ሁለቱም ወገን ሳይጠየቅ የተወሰነበት ነበር፤ ቁስሉም ለሁለቱም ቆየ።

በአቦቦ አጠገብ አልዌሮ ወንዝ ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ግድብ መሠራት የተጀመረው በዚያው ጊዜ ነው። ዓላማው ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት በመስኖ ማልማት ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች። ውሃው በግድቡ ታጥሮ ተኛ፤ ወደ ገበሬው ማሳ የሚያደርሰው ቦይ ግን ለረጅም ዓመታት አልመጣም።

በሽግግሩ ዘመን ጋምቤላ ክልል 12 ተባለች፤ ቀጥሎም በሕገ መንግሥቱ ከፌዴሬሽኑ አባል ክልሎች አንዷ ሆነች። ለመጀመሪያ ጊዜ የግብርና ቢሮ በራሷ ከተማ፣ በራሷ ምክር ቤት ሥር፣ አኝዋክኛና ኑዌርኛ በሚናገሩ ሠራተኞች ተቋቋመ። በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ነገር ይመስላል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ከገበሬው ጋር ያለ አስተርጓሚ መነጋገር መቻሉ ግን የመቶ ዓመት ርቀት ማሳጠር ነው። በ1990ዎቹ በየቀበሌው ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት አንድ አንድ ባለሙያ ይመደብ የሚለው አገራዊ ዕቅድ ሲወጣ ጋምቤላም ልጆቿን ወደ ግብርና ማሠልጠኛዎች ላከች። መንገዱ ሩቅ፣ ደመወዙ አነስተኛ፣ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ብዙ ጣቢያዎች ባለሙያ ሲያገኙና ሲያጡ ኖረዋል።

በከብቱ በኩል ግን አንድ ትልቅ ድል አለ። በቢሾፍቱ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ተቋም ያመረተው ክትባት፣ በአፍሪካ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከተጀመረው አህጉራዊ ዘመቻ ጋር ተዳምሮ ደስታን ከአገር አባረረ። ዘመቻውን ያሳካው ትልቁ ብልሃት ሙቀት የሚችል ክትባት መገኘቱ ነበር። ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ መኪና በማይገባበት ቦታ ከራሳቸው ከአርብቶ አደሮቹ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች በእግራቸው ይዘውት ሄዱ፤ በአፋርም፣ ከድንበሩ ማዶ በደቡብ ሱዳንም ሥራው እንዲህ ተሠራ። ከብቱ በወቅቱ ድንበር ለሚሻገርበት ለኑዌር ማዶ የሚደረገው ክትባት የራሱም ክትባት ነበር። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነጻ መሆኗ ታወቀላት፤ በ2003 ዓ.ም. ደስታ ከመላው ዓለም መጥፋቱ ተበሠረ። ከሰው ልጅ ፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው።

በዚያው በ2003 ዓ.ም. የጋምቤላ መሬት በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ።

የምግብ ዋጋ በዓለም ላይ ከናረ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት ሰፋፊ መሬቶችን ለባለሀብት ማከራየት ጀምሮ ነበር። ክልሎች መሬቱን ለይተው ያስረክቡ፣ ግብርና ሚኒስቴርም ውሉን ይፈርም ነበር። ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. 100 ሺህ ሄክታር በ50 ዓመት ውል ወሰደ፤ ዋጋው በሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። ጥሩ ከሠራ መሬቱ እስከ 300 ሺህ ሄክታር እንደሚሰፋለትም ተነገረ። ሳዑዲ ስታር ደግሞ በአልዌሮ ግድብ ውሃ ሩዝ ለማልማት በአቦቦ 10 ሺህ ሄክታር ተረከበ። በእነዚሁ ዓመታት የክልሉ መንግሥት በሦስት ዓመት 45 ሺህ ቤተሰቦችን በመንደር የማሰባሰብ ዕቅድ አወጣ። መንግሥት ዓላማው ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ንጹሕ ውሃ ማቅረብ ነው፣ የሚሰባሰበውም በፈቃዱ ነው አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥር 2004 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ሰዎች በግዳጅ መነሣታቸውንና የተወሰዱበት ቦታ እርሻውም አገልግሎቱም እንዳልተዘጋጀ ጻፈ። ሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ታጣቂዎች የሳዑዲ ስታርን ሠራተኞች አጥቅተው ሰዎች ተገደሉ።

ካሩቱሪ የወሰደው መሬት በባሮ አጠገብ ነበር። ኩባንያው ግዙፍ ትራክተሮች አስገባ፤ ወንዙን ለመከላከል የአፈር ካብ ሠራ፤ በቆሎ ዘራ። 2004 ዓ.ም. በገባ ሰሞን ባሮ እንደ ልማዱ ከአልጋው ወጣ። ካቡን አልፎ በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር በቆሎ ዋጠ። የአኝዋክ ገበሬ ከጎርፍ በኋላ የሚዘራውን እህል ኩባንያው ከጎርፍ በፊት ዘርቶት ነበር። የሜዳው ወሰን በክረምት እስከ የት እንደሆነ በየመንደሩ ያለ ሽማግሌ ሁሉ ያውቃል፤ ዕውቀቱ ግን ወደ ውሉ አልገባም። ኩባንያው ከወሰደው መሬት ያለማው ጥቂቱን ብቻ ነበርና ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መንግሥት ውሉን አቋረጠ። በአገር ውስጥ ባለሀብቶች በኩልም በካርታ ላይ አንዱ መሬት በሌላው ላይ ተደራርቦ መሰጠቱ፣ የተወሰደ ብድርም ማሳ ላይ አለመታየቱ ሲታወቅ የልማት ባንክ ለዝናብ እርሻ የሚሰጠውን ብድር ገታ።

ትልልቆቹ ዕቅዶች እንዲህ ሲፈተሹ አዲስ ጠላት በበቆሎ ቅጠል ላይ ገባ። የአሜሪካ መጤ ተምች በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በየካቲት 2009 ዓ.ም. በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ሲሆን የኪ ከጋምቤላዋ ጎደሬ ጋር ትዋሰናለች። የእሳት ራቱ በሌሊት ይበራል፤ ድንበር አያውቅም። ልማት ሠራተኞች ለገበሬው ያሳዩት ነገር ቀላል ነበር። ጠዋት ጠዋት ማሳ ውስጥ ገብቶ የበቆሎውን እምብርት መግለጥ ነው። ቅጠሉ በረድፍ ተበስቶ፣ በመካከሉ የእንጨት ፍቅፋቂ የመሰለ እርጥብ ኩስ ካለ ተምቹ እዚያው ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል፣ በጅራቱ አጠገብ በአራት ማዕዘን የተደረደሩ አራት ነጠብጣቦች አሉት። በጣት ለቅሞ መጨፍለቅ ይቻላል፤ ሕፃናትና እናቶች ሳይቀሩ ሲለቅሙ ከረሙ። መድኃኒት የሚረጨው ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ነው፤ እምብርቱ ውስጥ ዘልቆ ከገባ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት ገንዘቡንም ምግቡንም ያበላሻል።

የእርሻና የምግብ ደኅንነት ጉዳይ የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 ማንኛውም ጸረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥና ጥቅም ላይ እንዳይውል ተደንግጓል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ተቋቁሞ የዘርን፣ የጸረ ተባይንና የእንስሳት መድኃኒትን ጥራት የመቆጣጠር ሥራ ተሰጠው። ማሳው፣ ከብቱና እርዱ በግብርናው ወገን፤ ፋብሪካ የገባና የታሸገ ምግብ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሚመራው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኩል ይታያል። ሕጉ አዲስ አበባ ይወጣል፤ የሚፈጸመው ግን ኢታንግ ገበያ ላይ ነው። መለያው የተፋቀ ጠርሙስ የሚሸጥ ነጋዴን የሚያስቆመው፣ የመድኃኒት ዕቃ ውሃ መቅጃ እንዳይሆን የሚመክረው፣ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ሥጋው እንዳይበላና ሬሳው እንዲቀበር የሚያሳስበው የወረዳው ባለሙያ ነው።

ሌላው አደጋ በዓይን በቀላሉ አይለይም። ጋምቤላ ሞቃትና እርጥብ ናት። በደንብ ያልደረቀ በቆሎ ወይም ለውዝ ጎተራ ሲገባ ሻጋታ ያበቅላል፤ ከሻጋታው አንዱ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ በማፍላትና በመጋገር አይጠፋም፤ ሲጠራቀም ጉበት ይጎዳል፣ የሕፃናትን ዕድገት ይገታል። ለዚህ የሚሰጠው ምክር ለማንኛውም ቤት የሚሆን ነው። በቆሎን በመሬት ሳይሆን በሸራ ወይም በቆጥ ላይ ማስጣት፤ ንፋስ በሚገባበት ጎተራ ማኖር፤ የሻገተውን ለይቶ መጣል። መድረቁን ለመፈተን ደረቅ ጨውና ጥቂት ፍሬ በብርጭቆ ዕቃ ከትቶ ማንቀጥቀጥና ጥቂት ቆይቶ ማየት ይበቃል። ጨው ከዕቃው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ መመለስ አለበት።

ይህ ምክር ዛሬ የሚመለከተው የጋምቤላን ገበሬ ብቻ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 307 ሺህ ገደማ ነበር። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበሩን ተሻገሩ፤ በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በንጉኝየልና በጀዊ መጠለያዎች ያለው ስደተኛ ቁጥር ከባለአገሩ ቁጥር ጋር የሚፎካከር ሆነ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የእርዳታ እህል መመዝበሩ ታውቆ እደላው ለወራት ሲቆም፣ በራሽን ላይ የተመሠረተ ኑሮ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ሁሉም አየ። የጋምቤላ ከተማ ገበያ የዚያን ሰሞን የሚያውቀው የባሮን ዓሣ፣ የአቦቦን በቆሎና የጎደሬን ማር ነበር።

የክልሉ ግብርና ቢሮ ዛሬ የመስኖ፣ የሩዝ፣ የዶሮና የማር ዕቅዶች በእጁ አሉ። ሩዝ በጋምቤላ ሜዳ እንደ ፎገራ ሁሉ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲሞከር የኖረ ሰብል ነው፤ የመዠንግር ደንም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ዕቅዱ በማን ማሳ ላይ እንደሚያርፍ ግን በየዓመቱ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ጥቅምት ሲገባ ባሮ እንደገና ይሸሻል። ገበሬው ሹል እንጨቱን ይዞ ይወርዳል። ልማት ሠራተኛው አጠገቡ ሆኖ ዘሩ ከየት እንደመጣ፣ አምና ተምች የገባበት ሰዓት መቼ እንደነበር፣ የጎተራው ጣሪያ ያፈስስ እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ መልሱንም በማስታወሻው ይጽፋል። ገበሬው እየመለሰ ይወጋል፣ ይጥላል፣ በእግሩ ጫፍ ይደፍናል።